የዓይን መለኪያ መሣሪያዎችና የአስመጪው ኃላፊነት

በንግድ ሥራ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ እምነት ሊጣልበት የሚገባው ነገር መለኪያ ነው። ባለሱቁ በሚዛኑ፣ ጨርቅ ነጋዴው በሜትሩ፣ ቡና ላኪው በእርጥበት መለኪያው ካልታመነ፣ የቀረው የንግድ ችሎታው ሁሉ ዋጋ አይኖረውም። ሆኖም በሚዛን ስሕተት የጎደለ ስኳር እንደገና ይመዘናል፤ ያጠረ ጨርቅም ይቀጠላል። ከዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በፊት የሰውን ዓይን የሚለካው መሣሪያ የሳተው ቁጥር ግን ሌንስ ሆኖ በዓይን ውስጥ ይቀመጣል፤ ባለዓይኑም ብዙውን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ ስሕተቱን ተሸክሞ ይኖራል። ስለዚህ እነዚህን መሣሪያዎች ወደ አገር የሚያስገባው ነጋዴ፣ ከሌላ ዕቃ አስመጪ ይልቅ የከበደ አደራ የተጣለበት መሆኑ የሚያጠራጥር አይደለም።

ጉዳዩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በመላ ኢትዮጵያ የተካሄደው ጥናት ያስገኘውን ውጤት ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ጥናት መሠረት ከአገሪቱ ሕዝብ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ሥውር ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል 49.9 በመቶ የሚሆኑት ለሥውርነት የተዳረጉት በዓይን ሞራ ምክንያት ነው። ይህም ማለት ከሁለት ዓይነ ሥውሮች አንዱ የሚድን ሕመም ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። ሕክምናው የታወቀ ነው፤ ሐኪሙ የደፈረሰውን የተፈጥሮ ሌንስ አውጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል። ቀድሞ እጅግ ውድ የነበረው ሰው ሠራሽ ሌንስም፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በሕንድ አገር በማዱራይ ከተማ አውሮላብ የተባለው ፋብሪካ ከተቋቋመ ወዲህ፣ ቀጥሎም በአሥመራና በካትማንዱ ተመሳሳይ ፋብሪካዎች ከተከፈቱ ወዲህ፣ ዋጋው ድኻ አገሮች ሊገዙት እስከሚችሉት ድረስ ወርዷል። ሌንሱ ረከሰ፤ የሐኪሞቹም ቁጥር በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ በጎንደርና በጅማ በሚሰጠው ትምህርት እየጨመረ ነው። በዚህ መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ለእያንዳንዱ ዓይን የሚስማማው ሌንስ የትኛው እንደሆነ የሚናገረው መለኪያ ነው።

መለኪያ የሌለው ሌንስ ምን እንደሚያስከትል የሙያው ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1949 ለንደን በሚገኘው ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሠራሽ ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ ባስገባ ጊዜ፣ ሥራው በዓለም ታላቅ የሆነ ግኝት ነበር። ይሁን እንጂ የሌንሱ ኃይል ለዚያ ዓይን ከሚገባው እጅግ የበለጠ ስለነበረ፣ ታማሚዋ ወደ 18 ዲዮፕተር የሚጠጋ የሩቅ ዕይታ ጉድለት ደረሰባት። ሌንሱ በቦታው ተቀምጧል፤ ልኩ ግን አልተገኘም። ልኩን አስቀድሞ ለማስላት የሚያስችሉት ቀመሮች በስፋት የተሠራባቸው ከዚያ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ከእነዚህም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ሳንደርስ፣ ሬትስላፍና ክራፍ የተባሉ ሐኪሞች ያወጡትና በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ኤስ-አር-ኬ የተባለው ቀመር በተለይ የታወቀ ነው።

የዚህ ቀመር አሠራር ሒሳብ ለሚያውቅ ነጋዴ አይከብድም። እያንዳንዱ የሌንስ ዓይነት የራሱ ቋሚ ቁጥር አለው፤ ይህም ብዙ ጊዜ 118 አካባቢ ነው። ከዚህ ቁጥር ላይ፣ የዓይኑ ርዝመት በሚሊሜትር ተለክቶ በ2.5 ተባዝቶ ይቀነሳል፤ ኮርኒያ የሚባለው የዓይን ፊተኛ ጥርት ያለ ሽፋን ያለው ኃይል ደግሞ በዲዮፕተር ተለክቶ በ0.9 ተባዝቶ ይቀነሳል። የዓይኑ ርዝመት 23.5 ሚሊሜትር፣ የኮርኒያው ኃይል 44 ዲዮፕተር የሆነ ሰው ቢቀርብ፣ ከ118 ላይ 58.75 እና 39.6 ሲቀነስ 19.65 ይተርፋል፤ እንግዲህ 19.5 ዲዮፕተር የሆነው ሌንስ ይመረጥለታል። ያው ዓይን በስሕተት 23.1 ሚሊሜትር ነው ተብሎ ቢለካ ግን ውጤቱ 20.65 ይሆናል። የአንድ ሚሊሜትር አራት አሥረኛ ስሕተት የሌንሱን ኃይል በአንድ ሙሉ ዲዮፕተር አሳተው ማለት ነው። ዛሬ ሐኪሞች የሚሠሩባቸው ቀመሮች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ኤስ-አር-ኬ-ቲና ከዚያ በኋላ የመጣው የባሬት ቀመር፣ ከዚህ ይልቅ የረቀቁ ናቸው። ነገር ግን የተሳሳተ ልክ የገባበት ቀመር የቱንም ያህል ቢረቅ የተሳሳተ መልስ ከመስጠት አያልፍም።

በገበያ ላይ ያሉት የዓይን ርዝመት መለኪያዎች በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላሉ፤ እነዚህም በድምፅ የሚለኩና በብርሃን የሚለኩ ናቸው።

በድምፅ የሚለካው ኤ-ስካን የሚባለው የአልትራሳውንድ መሣሪያ ነው። ጆሮ የማይሰማው የድምፅ ሞገድ ከመለኪያው ጫፍ ወጥቶ በዓይን ውስጥ ያልፍና ከኋላው ግድግዳ ተመልሶ ይመጣል፤ መሣሪያውም የፈጀበትን ጊዜ ቆጥሮ ርዝመቱን ያወጣል። ድምፁ በዓይን ውስጥ ባለው ፈሳሽ በሴኮንድ 1532 ሜትር፣ በሌንሱ ውስጥ ደግሞ 1641 ሜትር ይጓዛል ተብሎ ይሰላል። መሣሪያው ትንሽ ነው፤ ከቦታ ቦታ ይጓጓዛል፤ ዋጋውም ከብርሃን መለኪያው ብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ዋናው ጉድለቱ በአያያዝ የሚመጣ ነው። የመለኪያው ጫፍ ኮርኒያውን ሲነካ ዓይኑ ለስላሳ ስለሆነ ይጫናል፤ በዚህም የተነሣ ርዝመቱ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ያህል አጥሮ ሊነበብ ይችላል። አጥሮ የተለካ ዓይን ከሚገባው የበለጠ ኃይል ያለው ሌንስ ይሰጠዋል፤ ታካሚውም ቅርቡን እያየ ሩቁ የሚደበዝዝበት ይሆናል። ከዚህም በላይ ጫፉ ዓይንን የሚነካ በመሆኑ የማደንዘዣ ጠብታ ያስፈልገዋል፤ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ሲተላለፍም በሚገባ መጽዳት አለበት።

ይህን የመጫን ጉድለት የሚያስወግድ፣ ሆኖም በኢትዮጵያ ገበያ ተገቢውን ያህል ያልተነገረለት፣ አንድ መካከለኛ መንገድ አለ። ይኸውም በፈሳሽ ውስጥ የመለካት ዘዴ ነው። ታካሚው በጀርባው ይተኛና ትንሽ የፕላስቲክ ጽዋ በዓይኑ ላይ ትቀመጣለች፤ በውስጧም ንጹሕ የጨው ውሃ ይሞላል፤ የመለኪያው ጫፍ ውሃውን እንጂ ኮርኒያውን አይነካም። መሣሪያው ያው የቀድሞው አልትራሳውንድ ሊሆን ይችላል፤ የተጨመረው ጽዋዋና የባለሙያው ትምህርት ብቻ ነው። በሠለጠነ እጅ ሲሠራበት ይህ ዘዴ ከብርሃን መለኪያው ጋር የሚቀራረብ ውጤት እንደሚያስገኝ በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው። ውድ መሣሪያ ለመግዛት አቅሙ ለማይፈቅድለት ሆስፒታል ከዚህ የተሻለ ምክር የሚሰጥ አስመጪ ቢኖር፣ ወዳጅ እንጂ ሻጭ ብቻ አይባልም።

በብርሃን የሚለካው መሣሪያ ደግሞ የካርል ዛይስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 አዮኤል ማስተር በሚል ስም ባወጣው መሣሪያ ለገበያ ቀረበ። የስዊሱ ሃግ ስትራይት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሌንስታርን አስከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የሞገዱ ርዝመት ከፍ ያለ ብርሃን የሚጠቀመውና የዓይኑን ውስጥ በሥዕል የሚያሳየው አዮኤል ማስተር 700 ወጣ። በእነዚህ መሣሪያዎች ታካሚው ተቀምጦ አንዲት ነጥብ ይመለከታል፤ ታኅታይ ቀይ ጨረር ወደ ዓይኑ ገብቶ ሲመለስ ርዝመቱ ይነበባል። ዓይኑ አይነካም፤ ጠብታ አያስፈልግም፤ የኮርኒያው ጉብጠትም በዚያው መሣሪያ ይለካል። የንባቡ ጥራት የሚሊሜትር መቶኛ ድረስ ሲደርስ፣ የአልትራሳውንዱ አሥረኛ ገደማ ነው። ውጤቱም በለኪው እጅ ቅልጥፍና ላይ እንደ አልትራሳውንዱ አይመሠረትም። ስለዚህ በማናቸውም ልካቸው ሊወሰድ በሚችል ዓይኖች ላይ የብርሃን መለኪያው ብልጫ ያለው መሆኑን መካድ አይቻልም።

ነገር ግን «ልካቸው ሊወሰድ በሚችል» የሚለው ቃል ለኢትዮጵያ እጅግ ከባድ ቃል ነው። ብርሃን እንዲለካ ብርሃን ማለፍ አለበት። በአውሮፓ ከተማ ያለ ታካሚ የመኪና መንዳቱ ገና ሲያስቸግረው ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ የዓይኑ ሞራም ገና ቀጭን ነው። በገጠር የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ገበሬ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሞራው በስሎ ዓይኑ ነጭ ከሆነ በኋላ፣ በልጁ ወይም በልጅ ልጁ እጅ እየተመራ ነው። በእንዲህ ያለው ነጭ ሞራ ውስጥ የብርሃን መለኪያው ጨረር አያልፍም፤ አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ከቀድሞዎቹ ይልቅ ብዙ ዓይኖችን ለመለካት ቢችሉም እነርሱም ፈጽሞ የሚያቅታቸው ዓይን አለ። በዚህ ላይ በአገሪቱ በትራኮማ ምክንያት ኮርኒያቸው የጠቆረባቸውና ጠባሳ የያዘባቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ ከላይ የተጠቀሰው ጥናትም 11.5 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ሥውርነት ከዚህ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ጠባሳም ብርሃንን ይበትናል። ነጥቡን አተኩሮ ለማየት የማይችል ታካሚም በብርሃን በትክክል አይለካም። ድምፅ ግን በነጩ ሞራ ውስጥም ያልፋል።

በገበያ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ይሰማሉ። አንደኛው፣ አልትራሳውንድ ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ ከእንግዲህ ማስመጣቱ አገርን ወደ ኋላ መጎተት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ የብርሃን መለኪያ ለድኻ አገር ቅንጦት ስለሆነ ርካሹ አልትራሳውንድ ለሁሉም ይበቃል የሚል ነው። ሁለቱም መሣሪያውን ብቻ አይተው የሚለካውን ዓይን ረስተዋል። የመጀመሪያው አሳብ ቢፈጸም፣ ከሁሉ በላይ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ነጭ ሞራ ያለበት ታካሚ ውድ በሆነው መሣሪያ ፊት ተቀምጦ ያለ ልክ ይመለሳል፤ ወይም ለሁሉ በሚሰጠው አማካይ ሌንስ በግምት ይሠራለታል። ሁለተኛው ቢፈጸም ደግሞ፣ በቀን ብዙ ታካሚ የሚያስተናግድ ታላቅ ሆስፒታል ሊያገኘው የሚችለውን ጥራት በርካሽ ዋጋ ሰበብ ያጣል።

ትክክለኛው ፍርድ በቦታው መወሰን አለበት። ብዙ ታካሚ፣ የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይልና የጥገና ባለሙያ ባለበት ታላቅ ሆስፒታል የብርሃን መለኪያ ይገባል፤ ነገር ግን ከአጠገቡ አንድ አልትራሳውንድ ከነጽዋው ሳይቀመጥ አይሁን። በአነስተኛ ሆስፒታልና ከወረዳ ወደ ወረዳ በሚዘዋወረው የሕክምና ዘመቻ ላይ ደግሞ በፈሳሽ ውስጥ የሚለካው አልትራሳውንድ ይቀድማል። አስመጪውም ይህን ሳይጠየቅ ሊናገር ይገባዋል፤ ምክንያቱም ገዢው ብዙ ጊዜ የሚያየው የዋጋ ዝርዝሩን እንጂ የሚመጡለትን ዓይኖች ዓይነት አይደለም።

የዋጋ ንጽጽሩም ቢሆን ሙሉ ሊሆን ይገባል። አልትራሳውንዱ የዓይኑን ርዝመት ብቻ ይለካል፤ የኮርኒያውን ኃይል የሚለካው ኬራቶሜትር የሚባል ሌላ መሣሪያ ነው። ያለ ኬራቶሜትር የተሸጠ ኤ-ስካን የሒሳቡን ግማሽ ብቻ ይዞ የመጣ ነው። በሳጥኑ ውስጥ የመፈተኛው ሰው ሠራሽ ዓይን መኖሩም መረጋገጥ አለበት፤ ይህ ከሌለ መሣሪያው ልኩን መሳት አለመሳቱን ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ድንጋይ የሌለው ሚዛን መሸጥ ማለት ነው። እንደዚሁም ሌንስ አስመጪው በሳጥኑ ላይ የታተመው ቋሚ ቁጥር ለድምፅ መለኪያ ወይስ ለብርሃን መለኪያ የወጣ መሆኑን ለሐኪሙ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። የሁለቱ መሣሪያዎች ንባብ ስለሚለያይ የአንዱን ቁጥር ለሌላው መጠቀም ብቻውን ሌንሱን ሊያሳስት ይችላል። ልኩ በትክክል ተወስዶ፣ የሚፈለገው ሌንስ በመጋዘን ከጠፋም ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ሌንስ አስመጪው ቶሎ የሚሸጡትን መካከለኛ ቁጥሮች ብቻ ሳይሆን፣ በጣም አጭርና በጣም ረጅም ለሆኑት ዓይኖች የሚያስፈልጉትንም በልኩ ማከማቸት አለበት።

የውጭ ምንዛሬ ጉዳይም ይህንኑ ፍርድ ያጠነክረዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር የሚገዛ መሣሪያ ሁሉ በብር ዋጋው ከፍ ብሏል። ቡናውን፣ ሰሊጡንና ቆዳውን ሸጦ ያንን ዶላር ያስገኘው ላኪ፣ ገንዘቡ መለዋወጫ ባልተገኘለት መሣሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ማየት አይገባውም። እንግዲህ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚቆመው ርካሽ መሣሪያ በእውነት ርካሽ አይደለም፤ ሰው ያልሠለጠነበት ውድ መሣሪያም ውድ ብረት ብቻ ነው። የሽያጭ ውል ሲጻፍ ትምህርቱ፣ በየጊዜው የሚደረገው ፍተሻና መለዋወጫው በግልጽ ተዘርዝሮ ይግባ።

ሕጉም በዚህ ረገድ ነጋዴውን ይረዳል እንጂ አይጎዳውም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያዎችን ደኅንነትና ጥራት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ምዝገባው ጊዜ የሚወስድ ቢሆንም፣ በሻንጣ ተደብቆ ከሚገባውና ዋስትና ከሌለው ዕቃ ጋር የሚወዳደረውን ሐቀኛ አስመጪ የሚጠብቀው ይኸው ነው። ገዢ መሥሪያ ቤቶች በበኩላቸው ጨረታ ሲያወጡ ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ ከመመልከት ይልቅ፣ መሣሪያው ከነተጓዳኞቹና ከነጥገናው ለብዙ ዓመታት የሚያስወጣውን ወጪ ቢመዝኑ፣ ሐቀኛው ነጋዴ ሐቀኛ ዋጋ ለማቅረብ ይደፍራል።

የመነጽር ቤት ባለቤቶችም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለማንበብ ብቻ መነጽር የሚፈልግና ሩቁን ለማየትም ወፍራም መነጽር የሚፈልግ ታካሚ ወደ እነርሱ ይመጣል። የኋለኞቹ በአንድ አካባቢ ሲበዙ የመነጽር ሽያጩ ሊጨምር ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ቦታ የሚለካው መሣሪያ ልኩን እንደሳተ የሚያመለክት ምልክት ነውና፣ አስተዋይ ባለሱቅ ይህን ለሐኪሙ ቢያሳውቅ ለሕዝቡ ትልቅ ውለታ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ አገር ለመመዘኛነት በቀረበው መለኪያ መሠረት፣ ከተሠራላቸው ታካሚዎች 85 በመቶ የሚሆኑት ከታሰበው ውጤት ከአንድ ዲዮፕተር በላይ እንዳይርቁ፣ 55 በመቶዎቹም ከግማሽ ዲዮፕተር በላይ እንዳይርቁ ይጠበቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም የጤና ጉባኤ የወሰነው ግብም፣ እስከ 2030 ድረስ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ሽፋን በ30 የመቶኛ ነጥብ እንዲያድግ ነው፤ ይህም የተሠራላቸውን ሰዎች ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ተሠርቶላቸው በሚገባ ያዩትን የሚቆጥር ነው። ከእንግዲህ በኋላ የሥራው ውጤት የሚመዘነው በሌንስ ብዛት አይደለም፤ በዕይታ ጥራት ነው።

አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚለው የአባቶች ምክር ለልብስ ሰፊው ብቻ የተነገረ አይደለም። ሐኪሙ የሚቆርጠው አንድ ጊዜ ነው፤ እንዲለካ የሚያስችለውን መሣሪያ በእጁ የሚያኖርለት ግን ነጋዴው ነው። እንግዲህ ከየዘመኑ አዲስ ስምና ከየጨረታው ዝቅተኛ ዋጋ ይልቅ፣ በፊቱ ለሚቀመጠው ዓይን እውነተኛ ቁጥር የሚሰጠውን መሣሪያ፣ ከነተጓዳኞቹና ከነጥገናው አሟልቶ ማቅረብ የአስመጪው ክብሩም ትርፉም ሊሆን ይገባል። በልጅ ልጁ እጅ እየተመራ የመጣ ሽማግሌ፣ ያለ መሪ መንገዱን አይቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ዋጋው በደረሰኝ ያልተጻፈ የንግድ ሥራ ተፈጽሟል ማለት ነው።